የጉንፋን ክኒን ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ፦ ከመዋጥ በፊት የሚደረግ ምርመራ

በአዳማ መድኃኒት ቤቶች መስኮት ላይ ቆሞ «የጉንፋን ክኒን ስጡኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚሄደው በአንድ ፍሬ ውስጥ የተጠቀለሉ ሦስት ወይም አራት መድኃኒቶችን ነው። አንዱ ትኩሳትንና ራስ ምታትን የሚያስታግሰው ፓራሲታሞል ነው፤ ሌላው ማስነጠስንና የሚፈስ ንፍጥን የሚቀንሰው ፀረ ሂስታሚን ነው፤ ሦስተኛው የታፈነ አፍንጫን የሚከፍት ሲሆን፣ በአንዳንዱ ክኒን ላይ ካፌይን ወይም የሳል ማስታገሻም ይጨመርበታል። ጉንፋኑ ቫይረስ የሚያመጣው ሕመም ሆኖ በአብዛኛው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ ክኒኑ ስሜቱን ያቀልለዋል እንጂ ዕድሜውን አያሳጥረውም። ስለዚህ የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት በየቀኑ የሚወስድ ሰው ለአንድ ሳምንት እፎይታ ብሎ የዓመታት ሕክምናውን እንዳያውክ፣ ምን ማየት፣ ምን መጠየቅና ምን መተው እንዳለበት እዚህ ላይ ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጽፈው በዚህችው ከተማ ከመስኮቱ በስተውስጥ ከሚቆሙት ባለሙያዎች አንዱ ሆኜ ነው።

ማሸጊያውን ማንበብ

መጀመሪያ መነበብ ያለበት በትልልቅ ፊደል የተጻፈው የንግድ ስም ሳይሆን፣ ከሥሩ ወይም ከጎኑ በደቃቅ ፊደል የተዘረዘረው ይዘት ነው። የንግድ ስም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ አንድ ስም የያዙ ሁለት ክኒኖች እንኳ አንዱ የቀን ሌላው የሌሊት ተብለው የተለያየ ይዘት ሊኖራቸው ይችላል። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ብዙ ሰው ገና ሲያየው ይተወዋል፤ ነገር ግን የስሞቹን መጨረሻ ብቻ ማየት ብዙ ይረዳል። ክሎርፌኒራሚንና ዲፌንሃይድራሚን በ«ሚን» ያበቃሉ፤ ሁለቱም ፀረ ሂስታሚን ናቸው። ፌኒሌፍሪንና ፕሱዶኤፌድሪን በ«ሪን» ያበቃሉ፤ አፍንጫ የሚከፍቱት እነዚህ ናቸው። ዘዴው ግን መነሻ እንጂ ዳኛ አይደለም። የስኳር ሕመምተኞች ጠንቅቀው የሚያውቁት ሜትፎርሚን በ«ሚን» ቢያበቃም ከጉንፋን ጋር ዝምድና የለውም፤ አስፒሪንም በ«ሪን» ያበቃል፤ ፕሮሜታዚንና ሴትሪዚን ደግሞ በ«ዚን» እያበቁ ፀረ ሂስታሚን ናቸው።

ነገሩ የሚከብደው ክኒኑ በመቀስ ተቆርጦ በትንሽ የወረቀት ፖስታ ሲሰጥ ነው፤ ይዘቱ የተጻፈበት ክፍል ያን ጊዜ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ባለሙያው የእያንዳንዱን መድኃኒት ስምና መጠን በፖስታው ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ፤ አለዚያም ሙሉውን ማሸጊያ ተቀብለው በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ቀጥሎም ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። «ሁሉ» ስል የዓይን ጠብታውን፣ የአስም መንፊያውን፣ ከጎረቤት የተዋሱትን የወገብ ሕመም ክኒን፣ የቫይታሚን ጠርሙሱን፣ ጫቱንና መጠጡንም ጨምሬ ነው። በእኔ ልምድ ከሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት የሚደብቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው የሚረሳው እንደ መድኃኒት የማይቆጥረውን ነው።

እንቅልፍ የሚያመጣው ወገን

ፀረ ሂስታሚኖች በሁለት ይከፈላሉ። ቀደምቶቹ፣ ማለትም ክሎርፌኒራሚን፣ ዲፌንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን፣ ወደ አንጎል በቀላሉ ስለሚገቡ ያፈዝዛሉ፤ በርካሽ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ አብዝተው የሚገኙትም እነርሱ ናቸው። የኋለኞቹ፣ እንደ ሎራታዲንና ሴትሪዚን ያሉት፣ ወደ አንጎል የሚገቡት በጥቂቱ ነው፤ ሴትሪዚን ግን አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ማምጣቱ አልቀረም። ስለ ክሎርፌኒራሚን ሰዎች የማይጠብቁት ነገር በሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው፤ በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ 20 ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። ማታ ተውጦ «አሁንማ ወጥቶልኛል» የሚባለው ክኒን ጠዋት መሪ ሲጨበጥ ገና ብዙው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ይህ ማፍዘዝ ሌላ አፍዛዥ ሲጨመርበት ይበረታል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የሚወስደው ፌኖባርቢታል፣ ለጭንቀት የሚታዘዘው ዲያዜፓም፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን፣ ለብርቱ ሕመም የሚሰጡት ትራማዶልና ኮዴይን ሁሉም ከክሎርፌኒራሚን ጋር ሲገናኙ ከእንቅልፍ ባለፈ ትንፋሽን እስከማዳከም ሊያደርሱ ይችላሉ። ጠጅ፣ ጠላ፣ ቢራና አረቄም ከዚሁ ይመደባሉ። ጉንፋን ሲይዝ አረቄን በማር መውሰድ የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱን ለመንቀፍ አልተነሣሁም፣ ነገር ግን አረቄውን የመረጠ ሰው በዚያች ሌሊት ክኒኑን ይተው። ዝንጅብል የተፈላበት ሻይና የሞቀ ውኃ በማር ግን ከእነዚህ ክኒኖች ጋር የሚያጋጩት ነገር የለም።

አሚትሪፕቲሊን ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ይህ መድኃኒት ለድብርት ብቻ ሳይሆን ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬንም ስለሚታዘዝ፣ ብዙ ሰው «የራስ ምታት መከላከያ» ወይም «የእግር ማቃጠል ክኒን» ብሎ ነው የሚያውቀው። እርሱም እንደ ቀደምቶቹ ፀረ ሂስታሚኖች ያፈዝዛል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዕይታን ያደበዝዛል፣ ሽንትንም ይይዛል። የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች የሚያስከትሉትን መንቀጥቀጥ ለማስታገስ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲልም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። ሁለትና ሦስት እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች በአንድ ሰውነት ውስጥ ሲከማቹ ወጣቱ አፉ መድረቁን ብቻ ያስተውል ይሆናል፤ አዛውንቱ ግን ግራ መጋባትና መቃዠት ሊጀምረው ይችላል፣ ቤተሰብም «አረጀ» ብሎ ያልፈዋል።

በዚህ ረገድ የራሴን ስሕተት መናገር አለብኝ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ሴት ለአባቷ የጉንፋን ክኒን ብላ መጣች፤ ዕድሜያቸውን ጠየቅሁ፣ ስለ ሽንታቸው ግን አልጠየቅሁም። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ አባባ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት እንቢ ብሏቸው ሆስፒታል በቱቦ እንደተለቀቀላቸው ነገረችኝ። የፕሮስቴት ዕጢያቸው ካበጠ ቆይቶ ነበር፤ ክሎርፌኒራሚኑ የፊኛውን ጡንቻ ሲያደክም፣ አፍንጫ ከፋቹ ደግሞ የፊኛውን አንገት አጥብቆ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ለአዛውንት ወንድ የጉንፋን ክኒን ከመስጠቴ በፊት «ሽንት እንዴት ነው?» ብዬ መጠየቄን አላቋረጥሁም፤ ሌላ ባለሙያ ባይጠይቅዎ እርስዎ ራስዎ ይንገሩት። በዓይን ውስጥ ግፊት፣ ማለትም ግላኮማ ያለበትም ሰው እንዲሁ ያድርግ።

አዳማን በተመለከተ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ ሙቀቱ ነው። ቀደምት ፀረ ሂስታሚኖች ላብን ይቀንሳሉ፤ ላብ ደግሞ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ዋናው መንገድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ በአዋሽ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሹፌር፣ በቀትር ፀሐይ የሚሠራ የግንባታ ሠራተኛ ወይም የባጃጅ አሽከርካሪ እነዚህን ክኒኖች ባይወስድ ይመረጣል። ለከባድ መኪና ሹፌር ሎራታዲን የተሻለ ምርጫ ነው፤ ያም ቢሆን የመጀመሪያው ፍሬ መሪ በማይያዝበት ቀን መሞከር ይኖርበታል።

አዲሱ ወገን ደኅና ነው ስል ግን ታሪኩን አልረሳሁም። ከአዲሶቹ ቀዳሚ የነበረው ተርፌናዲን ኤሪትሮማይሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ወይም ኬቶኮናዞል ከተባለው የፈንገስ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ እየተከማቸ የልብን ምት ያናጋ ስለነበረ በ1998 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። ዛሬ በእጃችን ያሉት ሎራታዲንና ሴትሪዚን ይህ ጠባይ አይታይባቸውም። ከቀደምቶቹ ደግሞ ዲፌንሃይድራሚን ጉበት ሜቶፕሮሎል የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚያፈርስበትን መንገድ ስለሚያግድ፣ የልብ ሕመምተኛው የተለመደ መጠኑን ወስዶም ልቡ ከወትሮው ዝግ ሊልበት ይችላል።

አፍንጫ የሚከፍተው ወገን

አፍንጫ የሚታፈነው በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች አብጠው ነው። ፕሱዶኤፌድሪንና ፌኒሌፍሪን እነዚህን ሥሮች ያጠብባሉ፤ ክኒን ሆነው ሲዋጡ ግን የአፍንጫን ሥር ከሌላው ሥር ለይተው አያውቁም። የሌላውም አካል የደም ሥር ሲጠብብ ግፊት ይወጣል፣ ልብም ይመታል። በመሆኑም አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው በአንድ እጁ የሚያወርደውን ግፊት በሌላው እጁ እየሰቀለ ነው። ግፊቱ በመድኃኒት በደንብ የተያዘለት ሰው ላይ ጭማሪው ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ግፊቱ ያልተያዘለት ሰው ግን እነዚህን ከቶ ሊነካቸው አይገባም። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ፕሱዶኤፌድሪን ከባድ ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊትና ከባድ የኩላሊት ሕመም ላለባቸው ሰዎች እንዳይሰጥ ወስኗል፤ ምክንያቱም በአንጎል የደም ሥሮች ላይ የሚያደርሰው፣ ብዙ ጊዜ የማይከሰት ነገር ግን ብርቱ የሆነ ጉዳት ነው።

የፌኒሌፍሪን ነገር ደግሞ ያሳዝናል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪ ባለሙያዎች በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ማስረጃውን መርምረው፣ በተለመደው መጠን የሚዋጥ ፌኒሌፍሪን አፍንጫ እንደማይከፍት በአንድ ድምፅ ደምድመዋል። የማይከፍት ከሆነ የግፊት ሕመምተኛ ለምን ብሎ ይውጠው? ከእነዚህ ጋር ዝምድና የነበረው ፌኒልፕሮፓኖላሚን የአንጎል ደም መፍሰስን ስለሚያስከትል በ2000 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ ከገበያ እንዲወጣ ተጠይቆ ነበር፤ ይህ ስም በማሸጊያ ላይ ከታየ ክኒኑን ያለ ማመንታት መመለስ ነው።

ከግፊት መድኃኒቶች መካከል ፕሮፕራኖሎልን ለይቼ አነሣዋለሁ፤ ለማይግሬንና ለእንቅርት ሕመምም ስለሚሰጥ የሚወስደው ሰው ራሱን የግፊት ሕመምተኛ አድርጎ ላይቆጥር ይችላል። ፕሮፕራኖሎል የደም ሥር የሚሰፋበትን በር ስለሚዘጋ፣ አፍንጫ ከፋቹ የሚያመጣው መጥበብ ተቃራኒ ያጣና ግፊቱ ሊንር፣ የልብ ምቱም ሊዘገይ ይችላል። ዲጎክሲን የሚወስድ የልብ ሕመምተኛ፣ አሚኖፊሊን ወይም የሳልቡታሞል ክኒን የሚወስድ የአስም ሕመምተኛና የእንቅርት ዕጢው ከመጠን በላይ የሚሠራ ሰው ልባቸው ቀድሞውኑ የተቀሰቀሰ ወይም በቀላሉ የሚናጋ ስለሆነ ሊጠነቀቁ ይገባል። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ሁለት ነገር ያስተውል፤ ፕሱዶኤፌድሪን የደም ስኳርን በመጠኑ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ብዙዎቹ ሽሮፖችም በስኳር የተዘጋጁ ናቸው።

ከሁሉ የከፋው ግጭት ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ከሚያግዱ መድኃኒቶች ጋር የሚመጣው ነው። ስሙ ሩቅ ቢመስልም መድኃኒቶቹ እዚሁ አሉ፤ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ይህን ኢንዛይም ያግዳል፣ ለፓርኪንሰን የሚሰጠው ሴሌጂሊንም እንዲሁ። እነዚህን የሚወስድ ሰው ፕሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን ቢጨምርበት ግፊቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ አደገኛ ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በማሸጊያዎች ላይም ሴሌጂሊንን የመሰሉ መድኃኒቶች ከቆሙ በኋላ 14 ቀን እስኪያልፍ እንዳይወሰድ ተጽፎ ይገኛል። ዴክስትሮሜቶርፋን የተባለው የሳል ማስታገሻም ከእነዚህና እንደ ፍሉኦክሰቲን ካሉ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ መንቀጥቀጥ፣ ብርቱ ላብና መደናገር ሊያመጣ ይችላል።

ወደ ጫት ልመለስ፤ በአዳማ ስለ ጉንፋን ክኒን ተጽፎ ጫት ካልተነሣ ጽሑፉ ጎደሎ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ሲሆን ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ ፕሱዶኤፌድሪንም ሥራው ወደዚያው ያደላል። የአወዳይ ጫት ይዞ ከሰዓት በኋላ የተቀመጠ ሰው አፍንጫው ስለታፈነ ክኒን ቢጨምርበት፣ ቡናና ለስላሳም ካፌይናቸውን ይዘው ሲከተሉ፣ ልቡ ያለ ምክንያት አይደልቅም። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይወጣል። ያን ጊዜ ቀስቃሹ እየከዳ፣ ከክኒኑ ውስጥ ያለው ክሎርፌኒራሚን ከአልኮሉ ጋር ተደምሮ ወደ ታች ይጎትታል። እንዲህ ያለ ሰው ለሌሊት ጉዞ መኪና ሲያስነሣ ንቁ መስሎ ስለሚሰማው አደጋውን ራሱ አያውቀውም። ጫቱን መተው ያቃተው ክኒኑን ይተው፤ ይህን ምክር የምሰጠው ከልብ ነው።

ታዲያ አፍንጫው የታፈነ የግፊት ሕመምተኛ ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት የጨው ውኃ ጠብታ አለ፤ ከማንኛውም መድኃኒት ጋር አይጋጭም፣ ዋጋውም ቀላል ነው። እንደ ዛይሎሜታዞሊንና ኦክሲሜታዞሊን ያሉት የአፍንጫ ጠብታዎች ወደ ደም የሚገቡት ከክኒኑ ባነሰ መጠን ቢሆንም፣ ግፊቱ ያልተያዘለት ሰው ሳይጠይቅ አይጀምራቸው፤ ጤነኛውም ቢሆን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ካለፋቸው አፍንጫው ከበፊቱ ብሶ ይዘጋበታልና ያቁማቸው። በነፋሻማዎቹ ወራት በአቧራው የሚመጣው ማስነጠስ ደግሞ ከጉንፋን ይልቅ አለርጂ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ትኩሳትና የሰውነት መቆረጣጠም ከሌለ፣ አራት መድኃኒት ያጠራቀመውን ክኒን ትቶ ሎራታዲንን ወይም ሴትሪዚንን ለብቻው መውሰድ ብዙ ግጭት ያስቀራል። በአንጻሩ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ አዳማ ወባ የሚገኝባት ከተማ ናትና ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ሳይሸፍነው የደም ምርመራ ይቅደም።

ሳይታሰብ የሚደረቡ ነገሮች

ፓራሲታሞል በአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ማለፍ የለበትም። የጉንፋን ክኒን እየወሰደ ለራስ ምታቱ ሌላ ፓራሲታሞል የሚጨምር ሰው ሳያውቀው ከዚህ ያልፋል። አዘውትሮ አልኮል የሚጠጣ ሰውና አይሶናያዚድ የተባለውን መድኃኒት የሚወስድ የቲቢ ታካሚ ጉበታቸው ቀድሞ የተጫነ ስለሆነ፣ ከዚያም ባነሰ መጠን እንዲወሰኑ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ለቁርጥማት ተብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መጨመርም የግፊት መድኃኒትን ሥራ ያደክማል፤ በተለይ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አብሮ በሚወስድ ሰው ላይ ኩላሊትን ይጎዳል።

ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለጉንፋን ተብሎ የሚሟሟውን ቫይታሚን ሲ ሲገዙ ዚንክ፣ ካልሲየም፣ ብረት ወይም ማግኒዚየም እንዳለበት ይዩ። እነዚህ ማዕድናት መድኃኒቱን ሆድ ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደርጉት፣ ዶሉቴግራቪሩ ከእነርሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ ይኖርበታል። ሪቶናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ፍሉቲካዞን የተባለውን የአፍንጫ ስፕሬይ ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ለሕፃናት የአዋቂን ክኒን ሰብሮ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ከሁለት ዓመት በታች ላሉት እነዚህ ቅይጥ የጉንፋን መድኃኒቶች አይሰጡም፤ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ወሰኑ እስከ ስድስት ዓመት ከፍ ብሏል። የምታጠባ እናት ፕሱዶኤፌድሪን ወተቷን ሊቀንስባት እንደሚችል ትወቅ።

በመስኮቱ ፊት

በሥራ መውጫ ሰዓት ከኋላዎ አምስት ሰው ተሰልፎ ሳለ «የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እወስዳለሁ» ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረውም በዚህ ዝምታ ነው። የሕመሙን ስም መጥራት አያስፈልግም። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ወይም በስልክዎ ያነሡትን ፎቶ ለባለሙያው ዘርግተው «ከዚህ ጋር የሚስማማ ስጡኝ» ማለት ይበቃል። እርሱም አይቶ ዝም ብሎ ቢሰጥዎ፣ በውስጡ ምን ምን እንዳለ፣ ግፊት ከፍ የሚያደርግ ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ እንዳለበትና ለስንት ቀን እንደሚወሰድ ይጠይቁ። ባለሙያው እርግጠኛ ካልሆነ ክኒኑን ሳይገዙ መሄድ ምንም አያጎድልብዎትም።

አንድ ነገር በብርቱ አሳስባለሁ፤ የጉንፋን ክኒን ለመውሰድ ሲባል የግፊቱን፣ የሚጥል በሽታውን ወይም የአእምሮ ሕመሙን መድኃኒት «ለጊዜው» ማቋረጥ ከግጭቱም የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። መተው ያለበት ሁልጊዜ የጉንፋኑ ክኒን ነው።

ሳያውቁ አንድ ላይ ወስደው ከሆነ ቀጣዩን የጉንፋን ክኒን አይውሰዱ፣ በዚያ ቀን አይንዱ፣ መጠጥ አይቅመሱ፤ ግፊትዎንም በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ያስለኩ። ድንገተኛና ከባድ ራስ ምታት፣ የደረት ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ መቃዠት፣ ሽንት መከልከል ወይም ሲቀሰቅሱት የማይነቃ እንቅልፍ ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ሲሄዱ የተበላውን ክኒን ባዶ ማሸጊያና የዘወትር መድኃኒቶቹን በአንድ ፌስታል አድርገው ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ከታማሚው አፍ ከሚሰማው ይልቅ ከዚያ ፌስታል ብዙ ያነብባል።